የአምስት ቁጥር ቀሪ ሰዓት

ያ ክረምት ክፉ ነበር።

ዝናቡ ሰኔ ሳይገባ ጀመረ። መንገዱ ተቆፍሮ ቀረ። ታክሲ ሰፈራችን ድረስ መግባት አቆመ። መብራት መጣ ሲሉ ይሄዳል። የልጄን ሱቅ ከፍተን ቀኑን ሙሉ ዝናብ እናያለን።

የምጽፈው የሆነ ነገር ነው። ቦታው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ያለው ሱቅ። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሌሊት አልነበረም። ቀን ነው።

ማመን አለማመን የአንባቢው ነው። እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

አብዱልሐሚድ እባላለሁ። በደሴ መስመር የጭነት መኪና ስነዳ ኖሬ ወገቤ ሲደክም አቆምኩ። የምኖረው ከልጄ ከሰልዋ ጋር ነው። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ሰልዋ ጌም ቤት አላት። ስድስት ኮምፒውተር ነው፤ እያንዳንዱ በቁጥሩ ይጠራል። ወጣቶች በሰዓት እየከፈሉ ይጫወቱበታል። ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከቦሌ የመጡ ተጫዋቾች ሱቁን አዩት። በየሳምንቱ ውድድር ያደርጋሉ። ቦታው ተስማማቸው።

"አምስት ቁጥሩ ግን ይንቀረፈፋል፤" አሏት። "እሱን አስተካክይና እንመጣለን።"

"ሜሞሪው ነው፤" አለችኝ ሰልዋ። "ሜሞሪ ከቀየርኩለት ሱቁ ይተርፋል፣ አባ።"

መገናኛ ሄድን። ገረመው የሚባል የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ አለ፤ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ።

"ሁለት ዓይነት አለኝ፤" አለ። "አዲስ፣ እና ያገለገለ።"

አዲሱን በባዶ እጁ አውጥቶ አሳየን። ያገለገለውን በጨርቅ ይዞ አወጣው።

ያንን አየሁ።

ሰልዋ የተጻፈበትን አነበበች። "ፍጥነቱ ከአዲሱ ይበልጣል?"

"ይበልጣል። ደግሞ ጥንድ ነው፤ አብረው የተሠሩ። የማይተዋወቅ ሜሞሪ ብታጋቢ እርስ በርሱ ይጣላል። እነዚህ አይጣሉም።"

"ኦቨርክሎክ ቢደረግስ ይችላል?"

"ይበራል እንጂ! ሐጂ፣ ልጅዎ ዕቃ ታውቃለች።"

"ሐጅ አልሄድኩም፤" አልኩት።

"ይሄዳሉ ኢንሻአላህ! መጀመሪያ ይሄን ይግዙኝ።"

ሰልዋ ሳቀች። እኔ ሜሞሪውን አየሁት። ጣት የሚያክል ቀይ ብረት የለበሰ ነገር ነው።

"የማን ነበር?" አልኩ።

ልማዴ ነው። ያገለገለ ጎማ ስገዛም ከማን መኪና እንደወለቀ እጠይቃለሁ።

ገረመው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

"ቦሌ ሚካኤል የነበረ ጌም ቤት። ተዘጋ።"

"ለምን ተዘጋ?"

"ኧረ ሐጂ! በዚህ ክረምት ያልተዘጋ ምን አለ?"

ያገለገለውን ገዛን።

ታክሲ ውስጥ ሰልዋ አስረዳችኝ። "ሜሞሪ ማለት ጠረጴዛ በለው። ሰፊ ከሆነ ብዙ ነገር ትዘረጋበታለህ። መብራት ሲጠፋ ግን ጠረጴዛው ይጠረጋል። ምንም አይቀርበትም።"

"ምንም?"

"ምንም፣ አባ። ሜሞሪ ይረሳል።"

በማግስቱ ጠዋት ገጠመችው። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ የኮምፒውተሩን መክፈቻ ገጽ ከፍታ ቁጥሮች መቀየር ጀመረች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ኦቨርክሎክ ነው። ከተመደበለት ፍጥነት ትንሽ አልፎ እንዲሄድ።"

"ከአቅሙ በላይ የተነዳ ሞተር ይፈላል።"

"ለእሱ ማራገቢያ አለው።"

ፍጥነቱን ጨመረች። ስክሪኑ ጨለመ። ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ ራሱ ተነሳ።

እንደገና ሞከረች። እንደገና ጨለመ።

ትንሽ ቀነሰችለትና ያዘ።

በዚያው ቅጽበት ባንኮኒው ላይ ያለው የሰልዋ ኮምፒውተር ጮኸ።

በእሱ ነው የሁሉንም ሰዓት የምትቆጣጠረው። አምስት ቁጥር መቁጠር ጀምሯል... ወደ ታች። የቀረው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያነሰ ነው።

"ማን ቀሪ አለው?" አልኳት።

"ማንም። ገና አሁን ገጠምኩት እኮ።"

ይህን ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። የጌም ቤት ደንብ አለ። ሰው እየተጫወተ መብራት ከሄደ ቀሪ ሰዓቱ ይያዝለታል። በማግስቱ ይምጣ፣ በሳምንቱ ይምጣ፣ ቦታው የእሱ ነው። የሰው ቀሪ የሚያጠፋ ጌም ቤት ስሙ ይጠፋል። ሰልዋ የማንንም ቀሪ አጥፍታ አታውቅም።

"የፕሮግራሙ ስህተት ነው፤" አለች።

አጠፋችው።

ተመልሶ መጣ።

አሁንም አጠፋችው። የአምስት ቁጥር ማራገቢያ እንደ ፉጨት ጮኸና... ዝም አለ።

ከቀትር በኋላ ሊባን መጣ። ባጃጅ የሚነዳ ደንበኛችን ነው። ቀልደኛ ነው።

"አባባ፣ ዛሬ እንኳን ጨዋታ ይልመዱ። መሪ አለው፣ ፍሬን ብቻ ነው የሌለው!"

"አንተስ መቼ ፍሬን ይዘህ ታውቃለህ?"

እየሳቀ አምስት ቁጥር ላይ ተቀመጠ።

አየሁት። መጀመሪያ ይሳደባል፣ ይስቃል። ከዚያ ዝም አለ። ጣቶቹ ፈጠኑ። እንዲህ ሲጫወት አይቼው አላውቅም።

ዓይኑን አያርገበግብም።

በድንገት ሄድፎኑን ወርውሮ ተነሳ።

"ምን ሆንክ?"

ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

"አባባ... የሚጫወተው እኔ አልነበርኩም።"

"ማን ነው ታዲያ?"

"እንጃ። ‘ተነስ’ ይለኛል። ‘ሰዓቴ አላለቀም’ ይለኛል።"

ጃኬቱን ረስቶ ወጣ።

ሰልዋ ሳቀችበት። "ተሸንፎ ነው።"

እኔ ግን አሸናፊ የሚለውን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ አይቻለሁ።

ያን ምሽት መብራት ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ አልመጣም። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ የኮምፒውተሮቹን ጎን ዳሰስኩ። ሌሎቹ በረዶ ናቸው።

አምስት ቁጥር... ሞቆ ነበር።

ከሩቅ መንገድ እንደገባ ሞተር።

ለሰልዋ አልነገርኳትም። "አምስት ቁጥር ላይ አትቀመጪ፤" ብቻ አልኳት።

"እሺ፣ አባ፤" አለች። ሰው ሲሸመግል እሺ የሚባለውን እሺ።

መገናኛ ሄድኩ። ገረመው ሲያየኝ አልቀለደም። በሩን ዘጋ።

"ለምን በጨርቅ ያዝከው?" አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሞቃል።"

"ሳይሰካ?"

"ሳይሰካ።"

"የማን ነበር?"

"የጌም ቤቱ ነው፤ አልዋሸሁም። ግን... ዓንዶም የሚባል ተጫዋች ነበር። ከሰፈሩ የሚስተካከለው የለም። እየተጫወተ መብራት ሄደ። ‘ቀሪዬን ያዙልኝ’ አለና እስኪመጣ ውጭ ቆመ። ዝናብ ነበር። የተበጠሰ ሽቦ ውሃው ውስጥ ወድቋል። ማንም አላየውም።"

ወደ ዘጋው በር አየ።

"መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የመጣው በእሱ ነው። እዚያው ቀረ።"

"ኢና ሊላህ..."

"ባለቤቱ በማግስቱ ቀሪውን አጠፋ። ቦታውን ለሌላ ሰጠ። አንዲት ልጅ ተቀመጠችበት።"

"እና?"

"ተነሳች። ግን እስካሁን አትናገርም። ሰው አታውቅም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሜሞሪ ይረሳል ብዬ ነዋ፣ ሐጂ! መብራት ሲጠፋ ይረሳል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል።" እጄን ያዘኝ። "ልጅዎ... ቀሪውን አላጠፋችም አይደል?"

እጄን አስለቅቄ ደረጃውን ወረድኩ።

ሰልዋ ስልክ አታነሳም። ታክሲው ቆሞ ይሞላል። ረዳቱ "የካ አባዶ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። እንደገና ደወልኩ። አታነሳም።

ሰፈር ስደርስ መብራት የለም። ብሎኩ በሙሉ ጨልሟል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ግን ደመናው ቀኑን አምሽቶታል።

የሱቁ በር ገርበብ ብሏል።

ውስጥ አንድ ስክሪን ይበራል።

አምስት ቁጥር።

ሰልዋ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ይሮጣሉ። ሰልዋ ጌም ተጫውታ አታውቅም።

"ሰልዋ።"

አልዞረችም።

"አባ... አትጠጋ።"

"ተነሽ።"

"የቦሌዎቹ ተጫዋቾች ልንፈትሸው እየመጣን ነው አሉኝ... ልሞክረው ብዬ... እጄ እምቢ አለኝ። እጄ የእኔ አይደለም።"

ብብቷን ይዤ ሳብኳት። ሰውነቷ በረዶ ነው። የተጫነ መኪና የምገፋ መሰለኝ፤ አልተነቃነቀችም። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ስክሪኑ አልጠፋም።

መልሳ "አባ" ልትለኝ አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። እንባዋ ብቻ ወረደ።

ያቺ የማትናገረዋ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ወገቤን ያዝኩና ቀና አልኩ። የማውቀውን ሁሉ ቁርዓን ቀራሁ። ከዚያ ሰው እንደሚያናግር ሰው ተናገርኩ።

"ዓንዶም።"

ማራገቢያው ቆመ።

"ቀሪህን አጥፍተንብሃል። የአንተ መሆኑን አላወቅንም። አንዴ በእነሱ፣ አንዴ በእኛ ተበድለሃል። ሰዓትህ የአንተ ነው። ልጄን ልቀቃት... ተቀመጥና ጨርስ። ማንም አያስነሳህም። በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ።"

ምንም የለም። ዝናቡ ብቻ።

ከዚያ የሰልዋ እጆች ጭኗ ላይ ወደቁ።

ተሸክሜ በሩ ድረስ አወጣኋት። ደፉ ላይ ወደ ዝናቡ ዞረን ተቀመጥን። ትከሻዋን አቅፌ ያዝኳት።

"አትዙሪ፤" አልኳት።

ከኋላችን ኪቦርዱ መንኳኳት ጀመረ።

ጣት ነው። የሰለጠነ ጣት። ቶሎ ቶሎ... ቆም... ቶሎ ቶሎ።

ሰልዋ እጄ ላይ ጥፍሯን ተከለች። ድምጿ ተመልሷል፤ ግን ሹክሹክታ ነው።

"አባ... ብናመልጥስ?"

"ቃል ሰጥቻለሁ።"

ሊባን በባጃጁ መጣ። ጃኬቱን ሊወስድ ነው። በሩ ላይ ሲያየን ፍሬን ያዘ።

"መብራት የለ... ማን ነው የሚጫወተው?"

"ደንበኛ አለ፤" አልኩት። "በኋላ ና።"

ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ። ፊቱ አመድ ሆነ። ባጃጁን አዙሮ ሄደ።

ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ቆየን። ዝናቡ ቀነሰ። ቅዝቃዜው አጥንቴ ገባ። ሰልዋ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ኮቴን አልብሻት ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል ቆጠርኩ... ከዚያ መቁጠሩን ተውኩ። የሚጨርሰው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም።

"መጨረሱን በምን እናውቃለን?" አለች።

"ይነግረናል።"

ኪቦርዱ ዝም አለ።

ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማን። ቀስ ብሎ፤ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው።

ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ሰው አሸንፎ ወደ ኋላው ሲደገፍ የሚያወጣው።

ብሎኩ ውስጥ ሕፃናት "መጣ! መጣ!" ብለው ጮኹ። መብራት ነው። የባንኮኒው ኮምፒውተር ተነሳ።

ሰልዋ አንገቷን ብቻ ወደ ባንኮኒው መለሰች።

"አባ... ቀሪ የለም። አምስት ቁጥር ዜሮ ነው። ባዶ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ። ዕዳው ተከፈለ።"

አለቀሰች። እኔም ተነስቼ ዞርኩ። የአምስት ቁጥር ስክሪን ጨልሟል። ጎኑን ዳሰስኩ፤ በረዶ ነው።

ያኔ ነው ያየሁት።

ስድስቱም ወንበሮች ተሽከርካሪ ናቸው። በሩ ላይ ስንቀመጥ ሁሉም በየስክሪናቸው ፊት ነበሩ።

አሁን አንድ ላይ ተሰብስበው አምስት ቁጥርን ከበዋል። ጥሩ ተጫዋች ሲጫወት ሰው ከኋላው ተጠጋግቶ እንደሚያየው።

አንዷ ወንበር ብቻ ወደዚያ አልዞረችም።

በሩ ላይ ወደተቀመጠችው ልጄ ዞራለች... ቀስ እያለች፣ ገና እየተሽከረከረች።