ያልተቆረጠችው ማሰሪያ

«ጥፋቱ የኔ ነው!»

መጀመሪያ ያለችው ይህንን ነበር። ሰላምታ የለ፣ ግባ የለ፣ በሩን እንደከፈተች ነው።

ደረቁ የመፍቻ ሳጥኑን እንዳንጠለጠለ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ደረቁ የሚለውን ስም ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው፤ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ቀልድ ሲነገር ከሁሉም መጨረሻ ይስቃል። ልጅቷ አንድ እግሯ ላይ የራሷን ቦቲ፣ ሌላው ላይ የወንድሟን ሰፊ ቦቲ አጥልቃለች። ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። እንዲህም ሆና ታምራለች! ልቡ ድንግጥ አለበት።

«ምኑ ነው ያንቺ ጥፋት?» አላት።

«ውሃው ነዋ። ና ውረድና እየው።»

የቤቱን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። እናትና አባት ካረፉ ወዲህ እዚያ ቤት የሚኖሩት እሷና ታላቅ ወንድሟ ብቻ ናቸው። እሷ የሕፃናት አስተማሪ ናት። ወንድም ጋሼ የምትለው ታላቋ ደግሞ ጊታር ይሠራል፤ ከመሬት በታች ያለው ምድር ቤት የሱ ወርክሾፕ ነው። ዝናብ ሲበረታ ውሃ ከሥር እየመነጨ ስለሚያስቸግር፣ ወለሉ ጥግ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀመጠው ፓምፕ ወደ ውጪ ይገፋዋል። ያንን ፓምፕ በቅርቡ የገጠመው ራሱ ደረቁ ነው። የዚያን ቀን እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች አልተያዩም።

አሁን ሲወርድ ውሃው ጉልበቱ ድረስ መጣ። ጊታሮቹ በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል። ወንድምየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ጊታር ጭኑ ላይ አድርጎ ይዳብሳል።

«ደረቁ፣ ለእህቴ ንገራት» አለ ቀና ሳይል፣ «መንገድ አትዝጊብኝ በላት።»

የቆመችው እኮ አጠገቡ ነው!

«ለወንድሜ ንገረው» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «ይቅርታ ብያለሁ በለው።»

ደረቁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። «እ... ተሰማምታችኋል አይደል?» አለ፤ ማንም አልሳቀለትም።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ ለሥራ በወጣበት ወርክሾፑን ላጽዳለት ብላ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይዛ ወረደች። ሶኬት ያለው አንድ ብቻ ነው። የፓምፑን ነቅላ የማሽኑን ሰካች፤ ስትጨርስ የፓምፑን መመለስ ረሳች። ደግ ልሥራ ብላ! ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ደረቁ ይዞት በመጣው ተንቀሳቃሽ ፓምፕ ውሃውን አስወጣ። ቀጥሎ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክኮ የቆመውን ፓምፕ ወደ ላይ ሳበው። ያኔ ክው አለ።

ፓምፑ ጎን ላይ አንዲት ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ውሃው ሲሞላ አብራው ከፍ ትልና ሞተሩን ታስነሳዋለች። ከፋብሪካ ስትመጣ መንገድ ላይ እንዳትጎዳ በነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያ ታስራ ነው። የሚገጥመው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ያችን ማሰሪያ መቁረጥ፣ ቀጥሎም አንድ ባልዲ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ደፍቶ መሞከር ነው። ደረቁ የዚያን ቀን ሌላ ደንበኛ በስልክ ያዋክበው ነበር። አልቆረጠም፤ አልሞከረምም። ማሰሪያዋ ይኸው እንደነበረች ናት።

ሶኬቱ ተሰካም አልተሰካም፣ ያ ፓምፕ ሊነሳ አይችልም ነበር!

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው ከኋላው።

አፉን ከፈተ። እንጀራው ስሙ ነው፤ ይህ ከተወራ ማን ይጠራዋል? ወንድምየው ከደረጃው ላይ ያየዋል። እሷ ደግሞ በዚያ ባበጠ ዓይኗ ታየዋለች። ማሰሪያዋን በመዳፉ ሸፍኖ በጠሰና ኪሱ ከተታት።

«ተቃጥሏል» አላት። «በአዲስ እቀይረዋለሁ። ክፍያ አልፈልግም።»

«እንዴ! ለምን?»

«እንዲሁ።»

«ተባረክ! እንዳንተ ዓይነት ሰው አሁንም አለ?» ብላ እንባዋ መጣ።

ኧረ ደረቁ! ኧረ አንተ ሰውዬ! ያኔ ብትናገር ምን ነበረበት?

አዲሱን ገጠመ። ማሰሪያውን ቆረጠ፣ ውሃ ደፋ፣ ሞከረ፣ ደግሞ ደፋ፣ ደግሞ ሞከረ። በማግስቱ «ቧንቧው ያንጠባጥብ እንደሆን ልየው» ብሎ መጣ። ቀጥሎ የተገፋው ውሃ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚያግድ ቫልቭ ይዞ መጣ። ከዚያ ግድግዳውን ለማድረቅ ትልቅ ማራገቢያ ተሸክሞ መጣ። በኋላ ሰበብ አለቀበት።

«ዛሬስ ምን ልታይ ነው?» አለችው በሩን ይዛ።

«ድምፁን ልስማ ብዬ።»

«የፓምፑን?»

«አዎ።»

«ዝናብ የለም እኮ። ፓምፑ ተኝቷል።»

«እንግዲያው... ሲተኛ ልስማው።»

ሳቀች! ካወቃት ጀምሮ ስትስቅ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ሰበብም አልተፈለገም፤ ሥራውን ሲጨርስ ይመጣል፣ እሷም ብርጭቆውን አጥባ ትጠብቀዋለች።

«ወንድሜ እንደ አባት ነው ያሳደገኝ» አለችው አንድ ቀን። «ፀጉሬን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት የሚልከኝ እሱ ነበር። እንዴት ያለ ጠማማ ሹሩባ መሰለህ! ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን ሌላ ሰው ይሥራኝ ብዬ አላውቅም።» ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አሁን ኮቴዬን ሲሰማ በሩን ይዘጋል።»

«ይበርድለታል...»

«የስንት ጊዜ ልፋቱን አጠፋሁበት። ራሴን ጠላሁት፣ ታውቃለህ?» አለችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ደረቁ ትከሻውን እንኳ ማንቀሳቀስ ፈራ። ደስ አለው፤ ደስ ስላለው ደግሞ በራሱ አፈረ።

እውነቱን መናገር ሲያቅተው ሌላ መላ ሞከረ። ወንድምየውን ወርክሾፑ ውስጥ ለብቻው አገኘውና፣ «ጋሼ፣ ኧረ ይብቃት። ልጅ ናት፣ ረሳች» አለው።

«አንተ ደግሞ ታዝንላታለህ!» አለው ወንድምየው። «ያንተንስ ሥራ ያበላሸችው እሷ አይደለችም? ደህና አድርገህ ገጥመህልኝ ነበር እኮ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ግን አልተሰነጠቀችም፤ እሱም ዝም ብሎ ወጣ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከሥራው መሃል ብቅ ሲል ደረጃው ላይ ሻንጣ ቆሟል።

«ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ» አለችው። «መኖሪያም ይሰጣሉ። ነገ ልሄድ ነው።»

«ነገ?»

«እሱ እኔን እያየ ከሚቃጠል ብሄድ ይሻላል። ግን...» እጁን ያዘችው። እጇ ቀዝቅዟል። «አንተ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። አንድ ቃል ነው። ቅሪ በለኝ።»

አያችሁልኝ? የሚፈልገውን ሁሉ ለማግኘት አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀረችው። ቢላት የሱ ናት። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም። ግን ሻንጣውን አየ፤ ከላይ የተዘጋውን የወንድሟን በር አየ፤ ጨነቀው።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት።

«እሱን ተወው፣ ለማጽናናት ነው...»

«ማጽናናት አይደለም! የኔ ነው። ተንሳፋፊዋ ታስራ ነበር። ስገጥመው ማሰሪያዋን ሳልቆርጥ ሄድኩ። ሶኬቱን ባትነቅዪውም ውሃው ይሞላ ነበር። ፓምፑም አልተቃጠለም። ዋሸሁሽ።»

እጇን ቀስ አድርጋ ወሰደች።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የመጀመሪያ ቀን።»

«ሳለቅስ?»

«ስታለቅሺ።»

«ራሴን ጠላሁት ስልህም?»

«አዎ» አለ።

«መርሳትህን አይደለም» አለች። «እኔም እረሳለሁ፣ ሰው ነን። እያወቅክ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ሻዬን ጠጣህ! እንዴት አስቻለህ?»

ይቅርታ ለማለት እንኳ ፊት አጣ።

«ተነስ» አለችው። «ወደ ላይ ውጣና ለሱም ንገረው። አሁን።»

ወጣ። በሩን አንኳኳ። ወንድምየው ሲከፍትለት ቆሞ፣ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ጋሼ ቢጮህበት፣ ቢመታው ይሻለው ነበር። ሰውየው ግን እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ሶኬቱ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮስ?»

«ያው ነበር ጋሼ።»

ወንድምየው ደረቁን ገፋ አድርጎ አለፈውና በደረጃው ቁልቁል ሮጠ። «እቱ!» አለ። «እቱ! እኔ ምን ዓይነት አረመኔ ነኝ?»

«ወንድም ጋሼ...» አለች።

አቅፏት እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። ደረቁ ከላይ ቆሞ ሰማቸው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ የመፍቻ ሳጥኑን አነሳና ወጣ። የውጪው በር ላይ ሲደርስ ኮቴ ሰማ። እሷ ናት።

«ቅሪ ብትለኝ እኮ እቀር ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንቺ ብትቀሪም እሱ በሩን እንደዘጋብሽ ይኖር ነበር። ያንን ልሸከም አልቻልኩም።»

ጉንጯን ጠረገች።

«እወድሃለሁ» አለችው። «አንተ እንደደበቅከኝ ልደብቅህ አልፈልግም፣ ስለዚህ እወቀው። እወድሃለሁ። ግን ካንተ ጋር መኖር አልችልም። ዝም ባልክ ቁጥር፣ ዛሬስ ምን ደብቆኝ ይሆን እላለሁ። አንተ ደግሞ ዝምተኛ ነህ።»

«እኔም እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ግን ሂድልኝ፣ ሳልጠላህ ሂድ።»

ሄደ። አልለመናትም፤ ለመለመን አፍ አልነበረውም። ጥቂት እንደተራመደ ወንድምየው በመስኮት «እቱ፣ ሻንጣሽን አስገባሁት! ምሳ ቀረበ!» ሲል ሰማ። «መጣሁ!» አለች እሷ። እንደዚያ ቀልሎ የወጣ ድምፅ ከአንደበቷ ሰምቶ አያውቅም። ደረቁ መንገዱ ላይ ቆመ፣ እያለቀሰ ደስ አለው፣ ከዚያ ወደ ሥራው ሄደ።