«በቃ» አላለም

ይህን ታሪክ ሰው ነግሮኝ አይደለም። በራሴ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ። እኔ ግን አንዴ ዋሽቼ ያመጣብኝን ስላየሁ፣ እዚህ ላይ አንዲት ቃል አልጨምርም።

እሁድ ጠዋት ነው። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ግቢያችን ውስጥ።

በማግስቱ ሥራ ልጀምር ነበር። ለፋርማሲዎች በቤታችን መኪና መድኃኒት ማድረስ ነው ሥራው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ ብቻዬን ግን አንድም ቀን ነድቼ አላውቅም። ያን ቀን ልሞክር ነበር።

መንዳት ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ከአፉ «ቀስ» ስለማይጠፋ ሰፈሩ «ቀስቴ» ይለው ነበር። ሻይ ስቀዳለት እንኳን «ቀስ» ይለኝ ነበር።

መኪናዋን በኋላዋ ወደ ግቢ ሳስገባ ከኋላ ቆሞ ይመራኛል።

«ነይ... ነይ... ነይ... በቃ!»

«በቃ» ሲል የኋላውን ኮፈን በቀኝ መዳፉ ሁለቴ ይመታል። አንዷን ጣት ድሮ የጭነት መኪና በር በበላበት መዳፉ።

ጧ። ጧ።

ታዲያ ቀስቴ «በቃ» የሚለው ሁልጊዜ አንድ ክንድ ቀደም ብሎ ነው። ጥንቃቄው ለጉድ ነው። እኔም ይህን ካወቅኩ በኋላ «በቃ» ሲለኝ አልቆምም ነበር።

ትንሽ ጨምሬ ነው የምቆመው።

ከሦስት ወር በፊትም «በቃ!» አለኝ። ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ።

እንደለመድኩት ትንሽ ጨመርኩ...

ለካ ግድግዳው ሥር እናቴ አበባ የተከለችበት ጣሳ ነበር። ቀስቴ ጣሳውን ሊያነሳ በመኪናዋና በግድግዳው መሀል ጎንበስ ብሎ ነበር።

እናቴ እየሮጠች ወጥታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

«በቃ አላለሽም?»

«አላለም» አልኩ።

ለቅሶ ላይ ሰዉ ምን ይል ነበር መሰላችሁ? «ሠላሳ ዓመት ለሌላው በቃ ሲል ኖሮ፣ ለራሱ ረሳው።» አንዱማ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። እናቴ አይታዋለች። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ ያዘንኩ መሰላቸው።

ወደ እሁዱ ልመለስ።

በመጀመሪያ ግር ያለኝ ከጎኔ ያለው ወንበር ነው። ቅዳሜ መኪናዋን ሳጥብ ወደፊት ስቤው ነበር። በሯን ቆልፌ ቁልፉን ትራሴ ሥር አድርጌያለሁ።

ጠዋት ስገባ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ተገፍቷል።

ቀስቴ እግረ ረጅም ነበር...

ረስቼው ይሆናል አልኩ። ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ ብልህ ነው።

የውስጡን ስፖኪዮ ለራሴ አስተካከልኩ። ቀበቶዬን አስሬ ቀና ስል ራሴን አጣሁት። ስፖኪዮው ባዶውን ወንበር ያሳያል።

እንደገና መለስኩት።

«አንቺ! እዚያው ልታረጂ ነው እንዴ?» እናቴ ናት፣ ከበረንዳው።

«መጣሁ እማዬ!»

«ብቻሽን ከመሄድሽ በፊት አንዴ አውጪና መልሰሽ አስገቢያት። ልይሽ። መንገዱ እንደ እናት አይምርም።»

«እሺ... ግን ከኋላ እንዳትቆሚ!»

«ታዲያ ከፊት ቆሜ ፎቶ ላንሳሽ?»

እንዲያም ሆኖ ከኋላ አልቆመችም። ወደ ውጭ ነዳሁ፤ አዞርኩ፤ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። እሷ በእኔ በር በኩል፣ መስኮቴን በሁለት እጇ ይዛ ከመኪናዋ እኩል ትራመዳለች።

«ነይ...» አለች። «ነይ የኔ ልጅ... ነይ...»

«በቃ!»

ጧ። ጧ።

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ሞተሩ ጠፋ።

«ምነው?» አለች እናቴ። «ገና አንድ ክንድ ይቀርሻል እኮ!»

«በቃ ብለሽኛላ...»

«ማን? እኔ? አላልኩም።»

«ኮፈኑንስ የመታሽው?»

«በየትኛው እጄ?»

ሁለቱም እጆቿ መስኮቴ ላይ ነበሩ።

ከዚያ በሹክሹክታ «የማን ድምፅ ነው የሰማሽው?» አለችኝ።

ሦስት ወር የደበቅኩት ነገር ያኔ ወጣ።

«እማዬ... ብሎ ነበር።»

«ማን?»

«ቀስቴ። የዚያን ቀን። በቃ ብሎኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እጇን ቀስ ብላ ከመስኮቱ አነሳችና ወደ መኪናዋ ኋላ ሄደች። በጎን ስፖኪዮ አየኋት። ኮፈኑ ላይ አቀርቅራለች።

«ውረጂ» አለችኝ።

የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩ።

ያን ጠዋት ጤዛ ነበር። መኪናዋ በሙሉ ነጭ ላብ ያላባት ትመስል ነበር። ኮፈኑ ላይ ብቻ ሁለት መዳፍ ታትሟል። ሁለቱም ቀኝ እጅ ናቸው።

ሁለቱም አራት ጣት ናቸው።

እናቴ መዳፏን አንደኛው ላይ ጫነች። ተለቅ ይልባት ነበር።

«ለሰፈሩ ሰው ትነግሪያለሽ» አለች ሳታየኝ።

«እነግራለሁ።»

«ቤት ለቤት ሄደሽ። የሳቀውም ጋ።»

«የሳቀውም ጋ።»

«በቃ ብሎ ነበር በያቸው።»

«በቃ ብሎ ነበር።»

ይህን እንዳልኩ ነው...

ግድግዳው ሥር ያለው የአበባ ጣሳ ተንቀሳቀሰ። መሬቱን እየፋቀ፣ ቀስ... ቀስ... እያለ ወደ ጎን አንድ ክንድ ያህል ተጓዘና ቆመ። መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

ሞተሩ ጠፍቷል። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነው። እናቴ ክንዴን ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ገብቶብኛል። ስለዚህ እሷም ሰምታዋለች ማለት ነው።

ማንም ከሌለበት፣ ከመኪናዋና ከግድግዳው መሀል...

«ነይ...»