የሰማንያው መሐላ

በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም.፣ የጥር ሚካኤል ማግስት፣ ከከተማው በሮች አንዱ በሆነው በሸዋ በር አጠገብ፣ በሙሽሪት አባት በአቶ ለገሠ ቤት ለመሐላ የተቀመጡት ሙሽራው እንደሻው፣ መሐላውን የሚያስምሉት አቶ ሀብተወልድ፣ ሽማግሌው አቶ ኃይለመስቀልና የሙሽራው አሠሪ አው ዐብዱልጀሊል ነበሩ። ሙሽሪት እልፍነሽ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበረች።

እንደሻው ፈረስ መጋላ ገበያ አጠገብ፣ አው ዐብዱልጀሊል ዘንድ መጽሐፍ ይጠርዛል። እልፍነሽን ያወቃት የአባቷን ዳዊት ልታስጠርዝ የመጣች ቀን ነው። ቀና ብላ ስታየው መርፌው ጣቱን ወጋው። ዳዊቱ በሳምንቱ አልቆ ነበር፤ እሱ ግን ተመልሳ እንድትመጣ ብሎ «አልደረሰም» አላት። ሦስት ጊዜ አላት።

አሁን ያቺ ልጅ የእሱ ልትሆን የቀረው አንድ መሐላ ነው።

«በሰማንያ አግብቻታለሁ፣ ንግሥት ትሙት፤ በል» አሉት አቶ ሀብተወልድ።

እንደሻው አፉን ከፈተና ቆመ። ታላቅ ወንድሙ ፍቺው ባልገባው ቃል ምሎ ርስቱን አጥቷል። እሱም ትርጉሙን ሳያውቅ ላይምል ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰማንያ የተባለው ከምን ተነሥቶ ነው?»

አቶ ሀብተወልድ፣ መሐላውን ያፈረሰ የሚቀጣው ሰማንያ ብር ስለሆነ ነው አሉ። አቶ ኃይለመስቀል፣ የለም፣ ጥንት ሰማንያ ምስክር ይቆም ነበር ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። አንዳቸው አያታቸውን፣ ሌላኛው ዳኛ የነበሩ አጎታቸውን ጠቀሱ።

«ወላሂ፣ እናንተ እስክትስማሙ ሙሽሪት ሰማንያ ዓመት ይሞላታል» አሉ አው ዐብዱልጀሊል። የሳቀ የለም።

አቶ ለገሠ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄን የፈለገ እንዲህ አያመነታም። ከፈራህ በሩ ያውልህ።»

እንደሻው አልፈራሁም ሊል ወደ አቶ ለገሠ ዞረ።

መጋረጃው ተነቃነቀ።

«እንደሻው» አለች እልፍነሽ፤ «ዳዊቱ በሳምንቱ መድረሱን ዐውቅ ነበር። ከጀርባህ፣ መደርደሪያው ላይ ይታየኝ ነበር።»

አቶ ለገሠ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሦስት ጊዜ አልደረሰም ስትለኝ፣ ለምን ብዬሃለሁ?»

«አላልሽኝም።»

«ቃሉ ከየት እንደመጣ እነሱ ይከራከሩ። እኔ ወዴት እንደሚወስደኝ ዐውቃለሁ። ማል።»

እንደሻው ማለ። እልፍነሽም ማለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተከራከሩ እስከ ሸዋ በር ሄዱ። ሙሽሮቹ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ላይ ጎጆ ወጡ።