የዘጠኝ ወር ቀጠሮ

አሥር አለቃው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ጠረጴዛቸው ላይ ከሩቅ ከተማ የልብ ሐኪም ጋር የሚያገናኘው ታብሌት በክንድ ከሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ጋር ቆሟል። ጦር ሜዳ በቀረው ግራ ክንዳቸው ፋንታ ባዶ እጅጌያቸው ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በየጠዋቱ ከምትመጣው ነርስ በቀር ሰው የማይረግጠው ቤት ነው፤ ሆኖም የሁለተኛው ወንበር ትራስም እኩል መጎድጎዱን መርማሪዋ ልብ አለች።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ የእህታቸው ልጅ ጮኸች። «ነርሷ ናት! ትናንት ስደውል ‹ኪኒኑን ካልዋጥኩ አትሄድም› ብሎኛል!»

«ስፔሻሊስቱ ካዘዘ እኔ ማን ነኝ?» አለች ነርሷ። «መድኃኒቱ ስማቸው ተጽፎበት በፖስታ መጣ። የጠዋቱን ዓይኔ እያየ ማስዋጥ ደንቤ ነው።»

«እምቢ አላሉም?» አለች መርማሪዋ።

«መጀመሪያ ቀን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ‹እሺ ልጄ› ብለው ዋጡ።»

በነርሷ ደብተር የልብ ምታቸው ከአርባ ስድስት አልፎ አያውቅም።

በር ላይ «ቀጭኔው» የሚባሉት የጦር ጓዳቸው ደረታቸውን ይዘው ያለከልካሉ።

«እርስዎስ የት ይታከማሉ?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«የትም። የወታደርነት ወረቀቴ ከካምፑ ጋር ተቃጠለ፤ የሕክምና መዝገቡ አያውቀኝም።»

መርማሪዋ ሁሉንም አስቀምጣ በታብሌቱ ሐኪሙን ጠራች።

«ምታቸው መቶ አሥራ ስምንት ነበር፤ ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት አዘዝኩ» አለ ሐኪሙ።

«መለኪያውን የት አሰሩ?»

«ግራ ክንዳቸው ላይ።»

 የእህታቸው ልጅ አፏን ያዘች።

«ዶክተር፣ ሟቹ ግራ ክንድ አልነበራቸውም» አለች መርማሪዋ። «አይተዋቸው ስለማያውቁ አልጠረጠሩም። አርባ ስድስት የሚመታ ልብም በአንድ ጀምበር መቶ አሥራ ስምንት አይገባም። ካሜራው ፊት የተቀመጡት የዚህ የጎደጎደ ትራስ ባለቤት ናቸው። መድኃኒቱ ግን በአሥር አለቃው ስም መጣ፤ ቀድሞውንም የዘገመ ልባቸውን አቆመው። እውነቱን ለነርሷ ቢናገሩ ጓዳቸው መድኃኒቱን ያጣሉ። ስለዚህ ዋጡት።»

ቀጭኔው እንባቸው ወረደ። «ዘጠኝ ወር የጠበቀው ቀጠሮ ነው። ‹አንተ ግባ፣ እኔ እቆያለሁ› አለኝ። የማታውን ኪኒን ለእኔ ያስቀምጥልኝ ነበር። የጠዋቱን የሚተፋው መስሎኝ...»

ነርሷ ፊቷን ሸፈነች። ሐኪሙ ወደ ካሜራው ተጠጋ።

«አባባ፣ አሁን ልለካዎት።»

«በማን ስም?»

«በራስዎ።»

ቀጭኔው መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ተንሸራተተ። ደግመው ጠቀለሉት።

«ጫፉን የሚይዝልኝ እሱ ነበር» አሉና ሳያስቡት ወደ ባዶው ወንበር ዘረጉት።