ዝም ያለው ንድፍ

መቀሱ የመጨረሻውን ክር በጥሶ ሲዘጋ፣ ጨርቁ ከወገቡ ወደ ታች አንድ ስንዝር ያህል አፉን ከፈተ። ጭራሮ የሚሏት ልጅ መቀሱን አስቀምጣ የተቆረጠውን በሁለት ጣቷ ፈልቀቅ አድርጋ አየችው። የሆነ ነገር ልክ አልመሰላትም። ንድፉን አነሳች። ጉርድ ቀሚስ ነው፤ ከፊት መሃሉ ላይ ሰረዝ ሰረዝ እያለ የሚወርድ መስመር አለው። መስመሩ አንድ ስንዝር ይላል፤ እሷም የቆረጠችው አንድ ስንዝር ነው። ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳተች?

ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ቀድሞ አየ። አፉ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ነው የሚሉት።

«ኧረ ጉድ እዩ!» አለ። «የጭራሮ ጉርድ ለእምብርት መስኮት አውጥቷል።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የስፌት መምህርቷ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን መነጽር ዓይናቸው ላይ እያደረጉ መጡ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሲቆርጡ ኖረው ወደ ማስተማር የገቡ ሴት ናቸው፤ የተበላሸ ጨርቅ ሲያዩ የሚያማቸው ይመስላል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ስፌት ነው» አሉ ሰረዝ ሰረዙን በጣታቸው እየተከተሉ። «እጥፋቱን ከላይ የሚይዘው ስፌት። ቁረጪ ያለሽ ማነው?»

የጭራሮ ዓይን ሳታስበው ወደ ጎኗ ሄደ። እዚያ የተቀመጠችው ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ከአጠገቧ ተለይታ የማታውቅ ጓደኛዋ ሳቂታ ነበረች። ሳቂታ አንገቷን ደፍታ ቅድም የለካችውን ጨርቅ እንደገና ትለካለች።

«እኔው ነኝ» አለች ጭራሮ። «ተምታታብኝ።»

ጓደኛዋም እንደ እሷ ተሳስታ ነው ብላ ነበር ያሰበችው። ባለፈው ሳምንት ጥርሷን አሟት ሁለት ቀን ቀርታለች፤ ስለ ንድፍ መስመሮች የተማሩትም ያን ጊዜ ነው። ስትመለስ ገና ከበሩ ላይ ሳቂታን ጠየቀቻት። ሳቂታም ቀላል ነው ብላ ነገረቻት፤ ያልተቋረጠው መስመር የጨርቁ ጠርዝ ነው፣ ሰረዝ ሰረዙ ደግሞ መቀስ የሚሄድበት ነው። ጭራሮ አልተጠራጠረችም። ልጆች ሆነው ከወረቀት አሻንጉሊት ሲቆርጡ ሰረዝ ሰረዙ ጫፍ ላይ ትንሽ መቀስ ተስሎ ያዩ አልነበር? ደብተሯን እንድታውሳት ሦስቴ ጠይቃታለች። ሦስቴም «ውይ፣ ቤት ረሳሁት» ተብላለች።

አሁን ግን የሳቂታን ጨርቅ ስታይ፣ ሰረዝ ሰረዙ ያለበት ቦታ ላይ በነጭ ክር ቀጥ ያለ ስፌት ወርዶበታል። መቀስ አልነካውም። ምናልባት መምህርቷን ጠይቃ ይሆናል አለች በልቧ። እኔን መንገር ግን እንዴት ረሳች?

ሌሎቹ ሲወጡ መምህርቷ አስቀሯት። አልተቆጡም። ለእርማት ከሰበሰቧቸው ደብተሮች መካከል አንዱን መዘው ሰጧት።

«ያመለጠሽን ከዚህ ገልብጪ» አሉ። «ከሁሉም የተሟላው ይሄ ነው።»

ደብተሩ በጋዜጣ የተለበጠ ነው። ጭራሮ አወቀችው፤ ሁለቱ አብረው ነበር የለበጡት። ገለጠችው። የሳቂታ ጽሑፍ ክብ ክብ ያለ፣ ለማንበብ የማያስቸግር ነው።

«ያልተቋረጠ መስመር፦ የጨርቁ ጠርዝ ወይም ሁለት ጨርቅ የሚጋጠምበት። ሰረዝ ሰረዝ መስመር፦ ከላይ የሚታይ ስፌት። አይቆረጥም።»

«አይቆረጥም» የሚለው ቃል ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ጭራሮ ክው አለች። ቃሉን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ዓይኗ ዝቅ ሲል ሌላ ነገር አየች፦ «ለእረፍት ወራት ልምምድ ልብስ ፋብሪካው የሚወስደው ከክፍሉ አንድ ተማሪ ብቻ። በሁለቱ ሥራዎች ውጤት።»

ልምምዱን ታውቃለች። ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ ከሳቂታ ጋር ሲያወሩለት የኖሩት ነገር ነው፤ እዚያ ገብተው እንዴት አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚሠሩ፣ ምሳ ሰዓት የት እንደሚቀመጡ ሳይቀር ተነጋግረዋል። አንድ ሰው ብቻ እንደሚወስዱ ግን አልሰማችም። የተቆረጠው ጉርድ ከሁለቱ ሥራዎች አንደኛው ነበር።

እስክሪብቶዋን ይዛ አንድ መስመር ሳትገለብጥ ብዙ ቆየች። የምታስበው ስለ ጉርዱ አልነበረም። ሦስቱን «ረሳሁት» አንድ በአንድ እያነሳች ታያቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሳቂታ ክንዷን ይዛት ነበር። በሁለተኛው ከራሷ ብርቱካን ገምሳ ሰጥታታለች። በሦስተኛው ደግሞ «ጥርስሽ ተሻለሽ?» ብላ ጠይቃታለች።

በማግስቱ ሳቂታን ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ዘንድ አገኘቻት፤ የጠመኔ አቧራ ከእጇ ታጥባለች።

«ደብተርሽን አየሁት» አለች ጭራሮ።

ሳቂታ ቧንቧውን አልዘጋችም። መጀመሪያ እሷም ተምታቶባት እንደነበር ተናገረች። ቀይ መስመሩ ሲነሳባት ቀልድ ነበር አለች፤ በእርሳስ ትሞክሪዋለሽ ብዬ እንጂ መቀስ ታነሻለሽ ብዬ መች አሰብኩ አለች። ጭራሮ ቆማ ስታያት ግን ቀልዱም አለቀባት።

«እናንተ ቤት ማሽን አለ» አለች ሳቂታ በመጨረሻ፣ ውሃውን እያየች። «አክስት አለችሽ። አሥር ቀን ብትቀሪ የሚያስተምርሽ አታጪም። እኔ ያለኝ ይሄ ክፍል ብቻ ነው።»

«ብትነግሪኝ እኛ ቤት አብረን እንለማመድ ነበር።»

«የሚወስዱት አንድ ሰው ነው እኮ። አብረን ብንለማመድ ምን ዋጋ አለው?»

«እሱንም አልነገርሽኝም» አለች ጭራሮ።

ሳቂታ ቧንቧውን ዘጋች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ሄደች። ጭራሮ ይቅርታ እየጠበቀች እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው።

የተበላሸው ጨርቅ የአክስቷ ነበር። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ማሽኗን መስኮት ሥር አድርጋ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ጭራሮ የሚለውን ስምም ያወጣችላት እሷው ናት፣ በቅጥነቷ። ያን ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ የሚመጥነው ነገር እስኪመጣ ብላ ለዓመታት ከሣጥኑ ግርጌ አስቀምጣው ስታበቃ «ለመጀመሪያ ሥራሽ» ብላ ሰጠቻት። አሁን የተቆረጠውን ጉርድ ጭኗ ላይ ዘርግታ አየችው። ማን ነገረሽ ብላ አልጠየቀችም፤ የልጅቷን ፊት አይታ ግን ሳትገምት አልቀረችም።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች። «በይ አታልቅሺበት፣ ጨርቅ ሲረጥብ ለመቀስ አይመችም።»

ጭራሮ ሳትወድ ፈገግ አለች። አክስቷ ከሌላ ጨርቅ ቁራጭ እየለካች ድሮ ስለሠራችበት ድርጅት ታወራላት ጀመር። ነዳፊዎቹ ፎቅ ላይ፣ ሰፊዎቹ ምድር ቤት ነበሩ፤ መገናኘት ብሎ ነገር የለም፤ ከላይ የሚወርደው ወረቀት ብቻ ነው። አንዳንዱ ንድፍ ቁልፍ ተስሎበት የቁልፍ ቀዳዳ ሳይኖረው ይመጣል። አንዳንዱ አንገት ይረሳል።

«ታዲያ ምን ታደርጉ ነበር?»

«በግምት ከሰፋሽው ግምቱ ያንቺ ዕዳ ይሆናል። እንዳለ ከሰፋሽው ጨርቁ አፈር በላ። ስለዚህ ዝም ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ክር እናስርና ወደ ላይ እንመልሰዋለን። ነዳፊው ይናገር እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ።» አክስቷ ሳቀች። «ከክሩ ብዛት ጢሙን ቀይ አቀልሞ የሚወጣ ወረቀት ነበር አንዳንድ ቀን።»

የሁለተኛው ሥራ ቀን መምህርቷ ሕጉን ነገሯቸው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ልብስ ከፊትና ከኋላ ይነድፋል። ንድፉ በዕጣ ለሌላ ተማሪ ይደርሳል። የደረሰው ይሰፋል፤ የነደፈው ቃል አይተነፍስም። የነዳፊው ውጤት ከሚወጣው ልብስ ላይ ይታያል። የጭራሮ ንድፍ ለሬዲዮ ደረሰ፤ እሱን ከስፌቱ ይልቅ የከበደው ስለ ራሱ ንድፍ ዝም ማለቱ ነበር።

ለእሷ የደረሳትን ወረቀት ስትዘረጋ ስሙን ማንበብ አላስፈለጋትም። መስመሩ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጠበቅ ይላል፤ ሳቂታ እርሳስ የምትይዘው እንደዚያ ነው።

ጠበብ ያለ ጉርድ ነው። የፊቱ ያምራል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ጋደል ያሉ ሁለት ኪሶች፣ በኪሶቹ አፍ ላይ ጥንድ ጥንድ ሰረዝ ሰረዝ። የኋላው ግን ባዶ ነው። ዙሪያው ተሰምሯል፣ ሌላ ምንም የለም። ጭራሮ ከሥር የተጻፈውን ልክ አየች። ወገብ ስድሳ አራት፣ ዳሌ ዘጠና ሁለት። ወረቀቱን አገላበጠችው። ዚፕ የለም፣ ቁልፍ የለም፣ የሚከፈት ነገር የለም። ይሄን ጉርድ ሊለብሰው የሚችለው የመብራት ምሰሶ ብቻ ነው።

ሳቂታ ለጉርዷ ዚፑን ከኋላ እንደምትፈልገው ጭራሮ ታውቃለች። ከጥርስ ሕመሙ በፊት ገና ነግራታለች። ኪሶቹን ስታሳምር ረስታዋለች።

ቀና ስትል ሳቂታ በሩቁ እያየቻት ነበር። ወረቀቷ ለማን እንደደረሰ አውቃለች፤ ምን እንደጎደለው ግን አላወቀችም።

ጭራሮ ጨርቁን ዘርግታ ፊቱንና ኋላውን ቆረጠች። እጇ ፈጣን ነበር። ንድፉ ያለውን ነው የሰፋሁት፤ መልሱ ከአሁኑ አፏ ላይ ተዘጋጅቷል። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። ልብሱ ሲለካ ጉርዱ ጭን ላይ ደርሶ ሲቀር፣ ሬዲዮ የሆነ ነገር ሲል፣ ክፍሉ ሲያውካካ ታያት። ደስ አላት። ደስ ማለቱ ትንሽ አስደነገጣት፤ ግን ደስ ብሏታል። የጎኑን ስፌት በእስፒል ይዛ ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር አወረደች።

ከዚያ እዚያው ቆመች።

ሌላም መንገድ ነበር። እርሳስ ወስዶ ዚፑን መሳል፤ ሁለት መስመር ነው፣ ማንም አያይም። ግን ያ ስጦታ ነው። ለሳቂታ የምትሰጠው ስጦታ አልነበራትም።

የማሽኑን እግር አነሳች። ከክር ሣጥኗ ቀይ ክር ፈልጋ መርፌ ላይ አስገባች፤ ወረቀቱን ከኋላው ወገብ መሃል ላይ ወግታ ክሩን ቋጠረች። ወስዳም መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

መምህርቷ መነጽራቸውን አደረጉ። ቋጠሮውን በጣታቸው ነኩት።

«ይሄን ማን አሳየሽ?»

«አክስቴ።»

«አክስትሽ ጥሩ ቦታ ነው የሠራችው» አሉና ሳቂታን ጠሩ።

ሳቂታ ቀዩን ክር ስታይ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እርሳሱን ይዛ ዚፑን ከኋላው መሃል ላይ ሳለች። መምህርቷ ከወረቀቱ ጥግ ላይ ለተረሳው አምስት ነጥብ ቀነሱ። ውጤቱ ሰኞ ነው የሚነገረው።

የእረፍቱ ደወል ተደውሎ ክፍሉ ሲወጣ፣ ሳቂታ ወረቀቱን ራሷ ይዛላት መጣች።

«እንዳለ ልትሰፊው ትችይ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«እችል ነበር።»

«አምስት ብቻ ነው የቀነሱብኝ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ታረቅን ማለት ነው?»

ጭራሮ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አወረደች። ሜትሩ የሁለቱ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል እያሉ አብረው የገዙት። ሳምንት ሳምንት እየተቀባበሉ ወደ ቤት ይወስዱታል፤ ይሄ ሳምንት የእሷ ነበር። ጣቷ ላይ እየጠቀለለች እስከ ጫፉ ደረሰችና ጠረጴዛው ላይ በሳቂታ በኩል አስቀመጠችው።

«ሳምንትሽ ገና አላለቀም እኮ» አለች ሳቂታ።

«አውቃለሁ። ነገ የራሴን ይዤ እመጣለሁ።»

ሳቂታ ሜትሩን አላነሳችም። ለማንሳት እጇን ልካ መልሳ ሰበሰበችው። ጭራሮ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ዚፑ ከኋላ መሃል ላይ ተስሏል፤ በግራና በቀኙ ሰረዝ ሰረዝ ወርዶበታል። ርዝመቱን በስንዝሯ ለካችው፣ ደግማ ለካችው፤ ከዚያ ዚፑን ንድፉ ባሳየው ቦታ ላይ በእስፒል ይዛ የማሽኑን እግር አወረደች።