እኔ «ጨምር» አላልኩም

ያረጀች ሴት ስታወራ ማን ይሰማል! «ጃጅታለች» ብለው ይስቃሉ። ጆሮዬም አእምሮዬም ደህና ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ የምትጽፍልኝ የልጄ ሚስት ናት። አንዲት ቃል ብትቀንስ አልለቃትም።

የምናገረው በእውነት የሆነ ነገር ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ መዳብ በምናቀልጥበት አዳራሽ።

ከቀለጠ መዳብ ላይ የሚንሳፈፈውን ጥቁር ቆሻሻ እኛ «አተላ» እንለዋለን። ውስጡ ተቃጥሎ የቀረ መዳብ አለ። መልሰን እናቀልጠውና የከሰል ዱቄት እንነሰንስበታለን። ከሰሉ ሲይዘው ይፈላል፤ መዳቡ ተለይቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ከሰሉን የምወቅጠው እኔ ነኝ። በአካፋ የሚጨምረው ልጄ ነው። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ክፉው ዝምታው ነው። ዱቄቱ ቶሎ አይይዝም፤ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። የቸኮለ ሰው «አልበቃውም» ብሎ ይደግማል... ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይነሳና ይገነፍላል። ከልጄ በፊት የነበረው ሠራተኛ የሞተው እንደዚያ ነው።

የዚያን ቀን ልጄ አንድ አካፋ ጨመረ።

ዝም።

ጠበቅን... አንድ አረፋ እንኳ የለም።

አተላው ግን ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። እንደተኛ ሰው ደረት።

«እማዬ፣» አለኝ በሹክሹክታ። «ምን ሆኗል?»

«ጠብቅ። እጅህን ሰብስብ።»

ፍንጣሪ የበሳውን ሻሼን አፌ ላይ አሰርኩና ወደ ሙቀጫዬ ዞርኩ።

«ጨምር፣ ልጄ...»

ድምፁ የእኔ ነው።

አፌ ግን ታስሯል።

ዞር ስል ልጄ አካፋውን ሞልቷል።

«ኧረ አንተ! ማን ጨምር አለህ?»

«አንቺ ነሻ!»

«ጨምር... የኔ ጌታ።»

ከምድጃው በኩል ነው የመጣው። «የኔ ጌታ» የምለው ደግሞ ድሮ ሲያመው፣ ጆሮው ሥር ብቻ ነበር። ማንም አያውቅም።

ሮጬ ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩት። ከሰሉ ግማሹ ገብቷል። በጀርባችን ወደቅን... አተላው ተነስቶ ገነፈለ። ልጄ የቆመበት ቦታ ላይ የአካፋው እጀታ ብቻ ይነዳል።

ፎርማኑ እየሮጠ መጣ።

«እማማ፣ ልጅዎን በገዛ አፍዎ ሊገድሉት ነው?»

«ምን አልኩ?»

«‹ጨምር› ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ። አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል።»

«አንተ የምትሰማው የምሳ ደወል ብቻ መስሎኝ!»

«ቤትዎ ይረፉ» ብሎ አባረረኝ። ልጄን ግን አስቀረው። ልጄም «ቅር» ብለው አሻፈረኝ አለ፤ «ሥራ ነው፣ እማዬ» እያለ።

ዛሬ እቤት ነበርኩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የልጄ ሚስት ስልክ ጮኸ። ፎርማኑ ነው።

«በፈጠረሽ፣ እማማን መጥተሽ ውሰጂልኝ።»

«እሳቸው እኮ አጠገቤ ናቸው።»

«አትቀልጂ። ምድጃው ጀርባ ቆመው ልጃቸውን እየጠሩ ነው።»

እኔና እሷ ተያየን።

ስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ... «ጠጋ በል፣ የኔ ጌታ።»

የእኔ ድምፅ።

እስኪመሽ ድረስ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ በሰላም ገባ። ከኪሱ ሻሽ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ዛሬ ስትወጪ ጣልሽው።»

ከነቀዳዳው የእኔ ሻሽ ነው። እሳት ዳር እንደዋለ ይሞቃል።

ቀስ ብዬ ራሴን ዳበስኩ።

ሻሼ ራሴ ላይ ነው... ከነቀዳዳው።

ነገም እገባለሁ ይላል። እሺ ልጄ፣ እግርህን አላስርም። ግን አሁን፣ ሚስትህ እየጻፈች፣ ዓይኔን እያየህ ማልልኝ። ምድጃው ዳር ብጠራህ፣ ብለምንህ፣ ባለቅስልህ... እናትህን እንዳትታዘዝ።