ስንጥቁን ያስደበቀ ጥፊ

በዚያ ቤተ ሙከራ ዕቃ ሲሰበር ሠራተኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ወለሉን ሳይሆን የዋናውን ተመራማሪ እጅ ነበር። ሰውየው ከወተት ፕሮቲን የምግብ መጠቅለያ ለመሥራት ዓመታት የለፋ ዐዋቂ ነው። እጁ ግን ከአንደበቱ ይቀድማል፤ በሌለበት «መብረቁ» ይሉታል።

አንድ ቀን ኬሚስቱ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ቢጥል፣ መብረቁ በሁሉም ፊት በጥፊ አጮለውና መነጽሩ ጠረጴዛ ሥር ገባ። የማሽን ጥገና ባለሙያዋ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ኧረ ተዉ! የሚፈራዎት ሰው እኮ እውነቱን አይነግርዎትም።»

«ያልተቆጡት ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል! እኔም ተገርፌ ነው እዚህ የደረስኩት። ይልቅ አንቺ ብሎንሽን አጥብቂ!»

ጥግ ላይ ቆማ የምታየው የወንድሙ ልጅ አንገቷን ደፋች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ሙያውንም ያስተማራት እሱ ነው። እንደ ዓይኑ ብሌን ይወዳታል። ጥፊው ግን እሷንም አይምርም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወተቱን በኃይል አሽከርክሮ የሚለያየውን ማሽን ስታጸዳ፣ ውስጡ የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ራስ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጣበት። ጠራርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። «ጋሼ ሲረጋጉ እነግራቸዋለሁ» አለች በሆዷ። ጋሼ የሚረጋጉበት ሰዓት ግን መች ይገኛል?

መብረቁ ለውጤት ቸኩሎ ኖሮ ማሽኑን ራሱ አስነሣው። የወንድሙ ልጅ የማሽኑን ድምፅ ስትሰማ ከጎረቤት ክፍል እየሮጠች ገባች።

«ጋሼ፣ ያጥፉት! ያጥፉት!»

«ማንን ነው የምታዢው?» ብሎ እጁን አነሣ።

ማጥፊያው አጠገቧ ነበር። እሷ ግን የተነሣውን እጅ አይታ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ፊቷንም በሁለት እጇ ሸፈነች። ያን ጊዜ የተሰነጠቀው ብረት ፈነዳ። ክዳኑ ጣሪያውን በሳው፤ መስኮቶቹ ረገፉ፤ ስብርባሪው ግድግዳውን ቦደሰው። አቧራው ረገብ ሲል ልጅቷ ወለሉ ላይ ወድቃ ትጮኻለች። የቀኝ እጇ ጣቶች የሉም። መብረቁ ጋወኑን ቀድዶ እጇን ሲያስር፣ የተንበረከከበት ወተት በደም ቀልቶ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?» አላት ሆስፒታል ውስጥ፣ እንባው እየወረደ።

«ፈራሁዎት፣ ጋሼ። ፊቴን የሸፈንኩት እኮ ከብረቱ አይደለም። ከእርስዎ ነው።»

መብረቁ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ ኬሚስቱን በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ልጅቷ ወደ ሥራ በተመለሰች ሰሞን አንድ ጠርሙስ ወድቆ ሲደቅ፣ መጥረጊያውን ያነሣው እሱ ነው። «ማንንም አልቆረጠም?» እያለ ቀና ቢል፣ የወንድሙ ልጅ የተጠቀለለ እጇን ወደ ፊቷ አንሥታ ቆማለች። መጥረጊያውን ይዞ አለቀሰ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን፤ እውነት ነው። ግን ወገኖቼ፣ ያስደበቀውንስ ማን ይጠይቀው? ዕቃ በተሰበረ ቁጥር የቤታችሁ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እጃችሁን ከሆነ፣ ያልተነገራችሁ ስንጥቅ አለ።